ባቄላዬን ጭድ በሞላው ካርቶን ቀቀልኩት፤ ግማሹ ጥሬ ወጣ

የጠባሴዋ፣ እሑድ ማታ 2:10

እንዴት አመሻችሁ። እኔ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነኝ። ነገሩ ከመብራት ይጀምራል። የኤሌክትሪክ ምድጃ አለኝ፤ ግን መብራቱ ወጥ እስክጥድ ጠብቆ የሚሄድ ነው የሚመስለኝ። የከሰልን ዋጋ ደግሞ ለሊቱን እንቅልፍ እንዳይነሳኝ አልጠራውም።

አንድ ቀን ባቄላ ንፍሮ ጥጄ ከሰሉ አለቀብኝ። ባቄላው ገና ነው። በንዴት ድስቱን በጋቢ ጠቅልዬ ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው አሁንም ለብ ያለ ነበር። ባቄላውም ማታ ከተውኩት ለስልሷል።

ከዚያ የቴሌቪዥን ካርቶን ፈልጌ ጭድ ጠቀጠቅኩበት። ባቄላ ሁለት ሰዓት ዘፈዘፍኩ፣ አሥር ደቂቃ አፈላሁ፣ ድስቱን ካርቶኑ መሐል ቀበርኩት፣ ከላይ አሮጌ ትራስ ጫንኩበት። ከአራት ሰዓት በኋላ ሳወጣው ግማሹ በስሏል፣ ግማሹ ጥርስ ይሰብራል።

ይሄን የሞከረ አለ? ምን አጠፋሁ? እግረ መንገዳችሁንም፣ ያለ ብዙ ወጪ በቤት ባለ ነገር የምትሠሩት ዘዴ ካለ ንገሩኝ። የሰማችሁትን ሳይሆን የሠራችሁትን።

ሳሚ ዘጠኝ፣ እሑድ ማታ 2:24

እህቴ፣ ፕሬዠር ድስት ግዢና ተገላገይ። ጭድ ለበሬ ነው ሃሃሃ።

የጠባሴዋ፣ እሑድ ማታ 2:26

የፕሬዠሩን ብር ላክልኝና ጭዱን ለበሬህ እልክልሃለሁ።

ጡረተኛው መምህር፣ እሑድ ማታ 3:05

ልጄ፣ ያጠፋሽው ትንሽ ነው። ብዙ ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የመጣ ተማሪ አልገጠመኝም። ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው።

መጀመሪያ ከተማሽ ያለችበትን ከፍታ አስቢ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ 100 አይደርስም። ቆላው ሸዋ ሮቢት ላይ የተጣደ ባቄላ ካንቺው ቀድሞ ቢበስል አትናደጂ። ሳሚ ያለው ፕሬዠርም የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ክዳኑ እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ100 በላይ ያወጣዋል። ገንዘቡ ያለው ይግዛ፣ አልቃወምም።

ሁለተኛ፣ ውሃ አንዴ ከፈላ እሳት ቢጨመርበት ከዚያ በላይ አይሞቅም። ትርፉ ማገዶ እንፋሎት ሆኖ በጣሪያ ይወጣል። ባቄላው ሙቀቱ ሳይወርድበት ረጅም ሰዓት መቆየት ነው የሚፈልገው። ጭዱ ይሄንን ይሠራል። ጭድ በራሱ አያሞቅም። በመሐሉ የታሰረው አየር ሙቀቱን አላስወጣ ይለዋል። ጋቢም የሚሞቀን በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ስሕተቶችሽ። ለደረቅ ባቄላ ሁለት ሰዓት መዘፍዘፍ ፊት እንደመታጠብ ነው። ማታ ነክረሽ ጠዋት ጣጂው። አሥር ደቂቃውን ሃያ አድርጊ። ድስቱ እስከ አፉ ይሙላ፤ ግማሽ ድስት ሙቀቱ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ካርቶኑን ባዶ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጠሽው ከነበረም ሙቀትሽን ወለሉ ጠጥቶታል። ከሥር አንድ ስንዝር ጭድ ይኑር። ባቄላው የካቻምና ከሆነ ደግሞ ምንም ብታደርጊ ያስቸግርሻል፤ ሲቆይ ይጠነክራል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ሥጋ በዚህ ዘዴ አትሞክሪ። ለብ ያለ ምግብ ለጀርም ሰርግ ነው። ባቄላውም ቢሆን ስታወጪው ትኩስ ካልሆነ መልሰሽ አፍልተሽ ብዪው። ቀይ ቦሎቄ ከሆነ አዳር ተነክሮ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ሃያ ደቂቃ ሙሉ በደንብ ሳይንተከተክ ካርቶን አይገባም። ውስጡ ያለው መርዝ በለብታ አይጠፋም።

የጠባሴዋ፣ እሑድ ማታ 3:20

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሲሚንቶ ላይ ነበር። ድስቱም ግማሽ ነው። በየሰዓቱም ከፍቼ አይቻለሁ፤ አልጠየቁኝም እንጂ እሱንም አጥፍቻለሁ።

ጡረተኛው መምህር፣ እሑድ ማታ 3:22

መክፈቱን ነው የረሳሁት! እጅሽን ያዢ።

መሐል ሜዳ፣ ሰኞ ጠዋት 1:15

ጭድ ምን ያደርጋል፣ ባና እያለ! እናቴ ንፍሮ የምታሳድረው እንደዚሁ ነበር። ማታ አፍልታ፣ ድስቱን በአሮጌ ባና ትጠቀልልና ምድጃው ጥግ፣ ትኩስ አመዱ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። ጠዋት ለእረኛ ይቋጠራል። ሳይንስ መሆኑን ዛሬ ነው የሰማሁት።

ባና ለማታውቁ፣ በመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራ ብርድ ልብስ ነው። ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል። ከብዶ ከብዶ ሰው ላይ ሲወድቅ አጥር የወደቀበት ይመስለዋል። ግን የመንዝ ብርድ በሌላ አይቻልም። ከተማ የሄደው ልጅ ሁሉ ቀላሉን የፋብሪካ ብርድ ልብስ ይገዛና ለገና በዓል ሲመጣ ባናውን ፍለጋ ይገባል።

የጠባሴዋ፣ ጭዱን ወጥ ቤት አታቆይው። አይጥ ይወልድበታል። እኔ ደርሶብኛል። ከነልጆቹ።

የጠባሴዋ፣ ሰኞ ጠዋት 1:40

በዚህ ጠዋት ደስ የሚል ዜና ነው ያመጣህልኝ።

የጅሩ ሰንጋ፣ ሰኞ ቀን 6:30

በቤት ባለ ነገር ከተባለ የኛን አገር እርሻ ልንገራችሁ። እኔ የእነዋሪ ልጅ ነኝ። መሬታችን ጥቁር አፈር ነው። በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ውሃ ይተኛበታል። ስንዴ በዚያ ላይ ብትዘራ ሥሩ ይታፈናል።

ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ ዘሩ ከተበተነ በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ ማሳ ይወርዳል። አፈሩን በእጅ እየዛቅን ሰፋ ያለ መደብ እናወጣለን። በመደብና በመደብ መሐል ውሃው የሚወርድበት ቦይ ይቀራል። ይሄን በብዛት የሚሠሩት ሴቶችና ልጆች ናቸው። እኔም ልጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። የሐምሌ ጭቃ፣ የጎበጠ ወገብ፣ ጥፍር ውስጥ የገባ ጥቁር አፈር። ትምህርት ቤት ሲከፈት እጃችን ያስታውቃል።

ግን ይሠራል። ሌላው አገር ጥቁር አፈሩን ክረምቱን ጦም አሳድሮ ዝናቡ ሲወጣ ሲዘራ እኛ ቀድመን ዘርተናል።

የቀድሞ ልማት ሠራተኛ፣ ሰኞ ማታ 1:50

የጅሩው ወንድሜ ትዝታ ቀሰቀሰብኝ። ለረጅም ጊዜ በግብርና ልማት ሠራተኝነት ሠርቻለሁ። ስለ እነዋሪ መደብ ያልሰማ የግብርና ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኢልካ (የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል) ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሆኖ ያንኑ መደብ በበሬ ለማውጣት መሣሪያ ሠራ። ዛሬ ገበሬው ሁሉ ቢቢኤም ይለዋል። መነሻው የገዛ ማረሻችን ነው። ሁለት ማረሻ ጎን ለጎን ይጣመርና አፈሩን ወደ መሐል እየሰበሰበ መደቡን ያወጣል። የወገብ ሥራ ለበሬ ተላለፈ ማለት ነው። ክብደቱ ላይ ብዙ ቅሬታ ነበር፣ ኋላ ቀለል ያለ መጣ።

ያልተሳካውንም ልንገራችሁ፤ እሱ ይበልጥ ያስተምራል። ይኸው ማዕከል ደብረ ብርሃን ላይ ጣቢያ ነበረው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአንድ በሬ ማረሻ ሞከሩ። ሐሳቡ ልክ ነው። ብዙ ገበሬ ያለው አንድ በሬ ነው። ሞፈሩን አሳጠሩት፣ ለአንድ በሬ የሚሆን ቀንበር ሠሩ። በጣቢያው ሲሞከር ያርሳል። ገበሬው ግን አልወሰደውም።

ለምን? የኛ ገበሬ ለአንድ በሬ ጉዳይ መፍትሔ ነበረው። መቀናጆ። አንተ አንድ በሬ አለህ፣ ጎረቤትህ አንድ አለው፣ ታቀናጃላችሁ። ዛሬ ያንተ ማሳ፣ ነገ የሱ። በመቀናጆ ውስጥ በሬ ብቻ አይደለም ያለው። ስትታመም የሚያርስልህ፣ እህል ስታጣ የሚያበድርህ እሱው ነው። የአንድ በሬ ማረሻ ከዚህ ሰው ነጥሎ ለብቻህ ያቆምሃል። አንድ ሽማግሌ "በሬዬ ብቻውን ያርሳል፣ እኔስ ከማን ጋር ላወራ?" ብለውኝ ነበር። የቀለዱ መስሎኝ ስቄ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ።

ሳሚ ዘጠኝ፣ ሰኞ ማታ 2:05

ይሄ ነገር ከባቄላ ተነስቶ የት ደረሰ ጃል። ቀጥሉ ቀጥሉ።

መሐል ሜዳ፣ ሰኞ ማታ 2:30

ስለ መቀናጆ ካነሳችሁ የኛን የመንዝን ጓሳ እንዴት እንርሳው። ጓሳ ሲባል ዛሬ ሰው የሚያስበው ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ነው። ለእኛ ግን መጀመሪያ ሣር ነው። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ። ገሳ ላስቲክ ሳይመጣ የእረኛ ዝናብ ልብስ ነበር። ሣሩን በጀርባህ እንደ ካባ ትደርበዋለህ፣ ዝናቡ ይንሸራተትበታል።

ሣሩ እንዳያልቅ ያደረገው ደግሞ ቀሮ የሚባል የጋራ ደንብ ነው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። መሬቱ ለዓመታት ይዘጋል። ማንም አያጭድም፣ ማንም ከብት አያስገባም። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። ከቀኑ በፊት የገባ በአገሩ ፊት ይዋረዳል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስቱ ሲቀር ቀሮም አብሮ ላላ። ያኔ ሣሩ ምን እንደሆነ አባቴ ሲያወራ ፊቱ ይለወጣል። አሁን በማኅበረሰቡ መተዳደሪያ ደንብ እንደገና ይጠበቃል።

የአንኮበሯ፣ ማክሰኞ ጠዋት 3:10

ሁሉንም አነበብኩ። ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ቆጠቆጠኝ።

እስካሁን ባወራችሁት ሁሉ ውስጥ ማን ነው የሚሠራው? መደቡን በእጅ የሚያወጡት ሴቶችና ልጆች። ባናውን የምትፈትለው ሴት። ኩበቱን የምትጠፈጥፈው ሴት። ውሃ የምትቀዳው ሴት። "ቀላል ዘዴ" ትሉታላችሁ። ለማን ነው የቀለለው?

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በኩበት ጭስ ዓይኗ ሲያለቅስ ኖራለች። ሳልና ዓይን ነው ያተረፈችው። ምርጥ ምድጃ የሚባለው ሲመጣ እኔ ነኝ ገዝቼ ያመጣሁላት። ዙሪያው በሲሚንቶ ስለተዘጋ እሳቱ ምጣዱ ሥር ይቀራል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል ይባላል፤ እውነትም ለእንጀራ ቀንሷል። ግን የመጀመሪያው ሳምንት ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? "ቤቱ በረደኝ!" አንኮበር ነው ያለነው። ክፍቱ እሳት እንጀራ ብቻ አይደለም የሚጋግረው። ቤት ያሞቃል፣ ልጅ ያሞቃል፣ ማታ ጎረቤት ይሰበስባል። ምድጃውን የሠራው ሰው ይሄን አልቆጠረም።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ትሉኛላችሁ። እኔ ደግሞ ጉልቻውን የምትቀይሩ ሰዎች ጉልቻው አጠገብ የምትቀመጠዋን ጠይቁ ነው የምለው።

የቀድሞ ልማት ሠራተኛ፣ ማክሰኞ ጠዋት 4:00

እህቴ፣ ልክ ነሽ። እኛ የምንቆጥረው እንጨቱን ነበር። የእንጨቱን ክብደት ሚዛን ላይ አውጥተን መዝግበናል። "በረደኝ" የሚል መጠይቅ ግን አልነበረንም።

እናትሽ አሁን ምን ላይ ናቸው?

የአንኮበሯ፣ ማክሰኞ ቀን 6:15

ሁለቱንም ይዛለች። እንጀራ በምርጥ ምድጃ፣ ቡናና ማታ ማታ በጉልቻው። ጎጆው ጎን አንድ ድንጋይ አውጥቼ የጭስ መውጫ ሠራሁላት። ኩበቱንም የምትጠቀመው ቀንሳለች፤ የተረፈው ወደ ጓሮ ጎመኑ ይሄዳል። ጎመኑ ሲያምር ለጎረቤት ታሳያለች። ኩበት ሲነድ መሬቱን ነው የምናነደው የሚባለው እሷ ዘንድ የገባው በጎመኑ ነው።

እንግዲህ ከተጠየቅሁ እኔም የምሠራውን ልጨምር። ጋቢና ነጠላ የማጥበው በእንዶድ ነው። ደርቆ የተፈጨው ፍሬ በውሃ ታሽቶ አረፋ ሲያወጣ ነጭ ልብስ ከሳሙና ይልቅ ይወደዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያዩትም ይሄንን ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወደ ታች፣ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ በሽታ ተሸካሚ ነው። ከልብስ ማጠቢያ ተነስቶ ዓለም የሚያውቀው ምርምር ወጣበት። ብቻ እጥበቱን ከብት ከሚጠጣበት ራቅ አድርጉት፤ ዓሣም ይገድላል።

የአንጎለላው፣ ማክሰኞ ማታ 1:20

እኔ ባዮጋዝ አስተክዬ ነበር። ብሔራዊው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 ከተጀመረ በኋላ ከመጡት፣ ስንዱ የሚሉት ዓይነት። ቢያንስ አራት ከብት ያስፈልጋል፣ አለኝ። እበቱን በእኩል ውሃ በጥብጦ ማስገባት ነው። መጀመሪያ ላይ ሻይ፣ ሽሮ፣ ሁሉ ነገር ይሆናል። ጭስ የለም። ሚስቴ ዘፈነች።

ኅዳር ገባ። ውርጭ ሲወርድ ነበልባሉ አነሰ። ታኅሣሥ ላይ ሻይ እንኳ አልፈላ አለ። ውስጥ ያለው ተሕዋስ ሙቀት ነው የሚወደው፤ 35 ዲግሪ አካባቢ ይመቸዋል። የእኛ አገር ሌሊት በረዶ ይሠራል። ኋላ አንድ ሰው መክሮኝ ጉድጓዱ ላይ ጭድና ፍግ ከመርኩበት፣ የምበጠብጥበትን ውሃም ቀን ፀሐይ ላይ አቆየዋለሁ። ትንሽ ተሻሻለ። ዕቃው ሲበላሽ ግን የሚጠግን አጣሁ። ሠሪው ስልኩን አያነሳም። መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ሄጃለሁ፣ ለአንዲት ቧንቧ።

ዛሬ የሚሠራው እበቱ ወጥቶ ማሳ ላይ ሲፈስ ነው። ገብሱ ይወደዋል። ሚስቴ ወደ ኩበት ተመልሳለች፣ ዘፈኑም ቆሟል።

የጠባሴዋ፣ ማክሰኞ ማታ 1:45

አይ ወንድሜ! ለአንዲት ቧንቧ!

ውርጭ ካነሳህ አንድ እኔ የምሠራው አለ። ጓሮዬ ሰላጣና የጎመን ችግኝ አለ። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ የሌለበት ማታ ሲሆን ያስፈራኛል። ያን ጊዜ በአራት እንጨት ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ወጥሬ እከድነዋለሁ፤ ቅጠሉን ሳይነካ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ እገልጠዋለሁ። የጎረቤቴ በውርጭ ተመትቶ ሲጠቁር የእኔ ይተርፋል። ጋሼ፣ ይሄስ ለምን ይሆን?

ጡረተኛው መምህር፣ ማክሰኞ ማታ 2:00

ደመና የሌለበት ሌሊት መሬትና ቅጠል ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ ይረጩታል። ከላይ የሚመልስላቸው የለም። ከረጢትሽ ትንሽ ደመና ነው።

ሮቢት ቆላ፣ ረቡዕ ቀን 7:40

እናንተ በብርድ ታወራላችሁ፣ እኛ ሸዋ ሮቢት እየተጠበስን ነው። የእኔ ዘዴ ተቃራኒ ነው። ሁለት ሸክላ ማሰሮ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ። ትንሹን ትልቁ ውስጥ ታስቀምጠዋለህ። በመሐላቸው አሸዋ ትሞላለህ። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ታርሰዋለህ። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ትሸፍናለህ። ውሃው በሸክላው አልፎ ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። መሐመድ ባህ አባ የሚባል ናይጄሪያዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አገሩ ውስጥ በብዛት አሠራጭቶ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቶበታል። ብልሃቱ ግን እንስራ ያለው ሁሉ የሚያውቀው ነው። አያቴ ውሃ የምታቀዘቅዘው እንስራውን ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚመታው ቦታ አቁማ ነበር።

ቲማቲምና ቃሪያ ደህና ይቆያል። ማሰሮው ግን ቀለም ወይም መስታወት መሰል ልባስ የተቀባ ከሆነ አይሠራም። ክረምት ላይም ተስፋ አታድርጉ፤ አየሩ እርጥብ ሲሆን ውሃው አይተንም።

ሳሚ ዘጠኝ፣ ረቡዕ ቀን 7:55

ሽንኩርትስ? ሮቢት ሽንኩርት አይደለ እንዴ አገሩ።

ሮቢት ቆላ፣ ረቡዕ ቀን 8:10

ሽንኩርት እዚያ ውስጥ ከከተትክ በሳምንት በቅሎ ታገኘዋለህ። ሽንኩርት ደረቅ ቦታ፣ አየር የሚያልፍበት ቆጥ ላይ ነው።

ሌላም አለኝ። ውሃ ሲደፈርስ አጥልዬ በንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስ እሞላና ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አጋድመዋለሁ። ሙሉ ፀሐይ ከሆነ 6 ሰዓት፣ ደመና ከበዛ ሁለት ቀን። የፀሐዩ ጨረር ተቅማጥ የሚያመጣውን ጀርም ይገድላል። ጠርሙሱ ከ2 ሊትር አይብለጥ፣ ያልተጫጫረ ይሁን። ውሃው ጠርቶ እንደሆነ ለማወቅ ከጠርሙሱ ሥር የጋዜጣ ርዕስ አስቀምጥና ከላይ በውሃው ውስጥ አሳልፈህ አንብብ። ካልተነበበ እንደገና አጥልል።

ጡረተኛው መምህር፣ ረቡዕ ቀን 9:00

ጥሩ ነው። ጨረሩ ኬሚካልና ፍሎራይድ እንደማያወጣ ብቻ ጨምርበት።

ምንጃሬው፣ ረቡዕ ማታ 1:30

ነቀዝ ያልተነሳበት ውይይት በምንጃር አይቆጠርም። ሽንብራና ባቄላ ነቀዝ ይበላል። ጤፍን ግን አይነካም፤ ፍሬው ደቃቃ ስለሆነ መግቢያ የለውም። ስለዚህ አባቴ ሽንብራውን ጎታ ሲያስገባ ጤፍ ይቀላቅልበታል። ጤፉ በሽንብራው መሐል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል፣ ነቀዙ መንቀሳቀሻና አየር ያጣል። ሲፈለግ በወንፊት ይለያል። ሁለቱም እህል አይባክንም።

አሁን ሦስት ድርብ የሆነው የነቀዝ ከረጢትም መጥቷል። ውስጡ ሁለት ላስቲክ፣ ውጪው ማዳበሪያ። እያንዳንዱ ለብቻው ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ነቀዙ ውስጥ ያለውን አየር ራሱ ጨርሶ ራሱ ይሞታል። መርዝ የለበትም። ከባዱ ነገር አይጥ ነው። አንዴ ከቀደደው አለቀ።

እህሉም ደረቅ መሆን አለበት። የምንሞክረው በጨው ነው። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህልና ደረቅ ጨው አድርጋችሁ በደንብ ነቅንቁ፣ ትንሽ አቆዩት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፣ መልሳችሁ አስጡት።

የአንኮበሯ፣ ረቡዕ ማታ 1:50

ጤፉን ከሽንብራ የሚለየው ማን ነው?

ምንጃሬው፣ ረቡዕ ማታ 1:58

በኛ ቤት አባቴ ነው። በእግዜር። እናቴ ወንፊቱን አሳይታው ሄደች።

የአንኮበሯ፣ ረቡዕ ማታ 2:00

እንግዲያው ተቀበልኩት።

የጠባሴዋ፣ እሑድ ማታ 1:30

ሳምንት ሆነኝ፣ ይቅርታ። ውጤት ይዤ ነው የመጣሁት።

ባቄላውን ማታ ነከርኩ። የዘንድሮ ባቄላ ነው፣ አረጋግጫለሁ። ድስቱን እስከ አፉ ሞልቼ ሃያ ደቂቃ አፈላሁ። ካርቶኑን ከሲሚንቶው አንስቼ በርጩማ ላይ አደረግኩ፣ ሥሩንም ስንዝር ጭድ። ባና ስለሌለኝ የእናቴን ዝተት ለመንኩ። ድስቱን በዝተቱ ጠቀለልኩ፣ ቀሪውን በጭድ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ዘጋሁት። እስከ ዘጠኝ አልነካሁም። ሁለት ጊዜ እጄ ሄዶ ነበር፣ ጋሼን አስቤ መለስኩት።

ስከፍተው እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ባቄላው በጣት ይፈርጣል። ከሰሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተቀጣጠለው፤ ድሮ ሁለቴ እጨምር ነበር። መብራት በመሐሉ ሁለት ጊዜ ሄዶ መጥቷል፣ እኔ ግን አልተሳደብኩም።

ምስር አላስፈለገውም፣ እሱ እሳቱ ላይም ቶሎ ይበስላል። ሽሮ ሞኝነት ነው፣ መማሰል አለበት። ለባቄላ፣ ለሽንብራና ለስንዴ ንፍሮ ግን ይሁን ብያለሁ።

ሳሚ ዘጠኝ፣ እሑድ ማታ 1:34

እሺ ተሸነፍኩ። ካርቶኑን ለእኔም ሥሪልኝ።

የጠባሴዋ፣ እሑድ ማታ 1:41

ካርቶኑ የለም። ጎረቤቴ ሽታውን ተከትላ መጥታ አየችው። ለሰንበቴ ንፍሮ ነው፣ ነገ እመልሳለሁ ብላ ከነዝተቱ ወሰደችው። ይሄው ሦስት ቀን ሆናት። ዛሬ በሯ ላይ ሳልፍ ከካርቶኑ አጠገብ ሌላ የቴሌቪዥን ካርቶን አየሁ፤ ልጇ ጭድ እየጠቀጠቀበት።